ያውቁ ኖሯል? በቱሊፕ ወራት ከመርከብ ወረድ ሲሉ

ሚያዝያ ሲገባ የሆላንድ ወንዞችና ቦዮች አበባ ሊያዩ የመጡ መንገደኞችን በጫኑ መርከቦች ይሞላሉ። ጉዱ ያለው ግን ከመርከቡ ወርደው የብስ ሲረግጡ ነው! (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ሁሉ ዓለም የሚጎርፍለት የኮይከንሆፍ የአበባ መናፈሻ የስሙ ትርጉም "የወጥ ቤት ጓሮ" መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአንድ ግንብ ወጥ ቤት ቅጠላ ቅጠሉን የሚያገኘው ከዚያ ነበር! ዛሬ በየዓመቱ ሽንኩርት የሚመስል 7 ሚሊዮን ያህል የአበባ ኮረት ይተከልበታል፤ ያውም አንድ በአንድ፣ በእጅ! ይህ ሁሉ ልፋት ለስምንት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል።

በመንገድ ላይ ገበሬው የፈካውን ቱሊፕ አንገት አንገቱን ሲቀነጥሰው ቢያዩ አይደንግጡ! የሚሸጠው አበባው ሳይሆን ኮረቱ ነው። አበባው ሲቆረጥ ኮረቱ ይወፍራል!

ቱሊፕ ራሱ ለሆላንድ እንግዳ ነው! አገሩ የመካከለኛው እስያ ተራራ ነው፤ በኦቶማን ቱርኮች በኩል ዞሮ መጣ።

በ1630ዎቹ የአንድ ብርቅ ኮረት ዋጋ አምስተርዳም ውስጥ ቤት ይገዛ ነበር፤ በየካቲት 1637 ግን ገበያው ድንገት ወደቀ! ይበልጥ የሚያስገርመውን ልንገርዎ፦ ያን ያህል የተከፈለበት ዝንጉርጉር ቀለም በሽታ ነበር! ክሽክሽ የተባለ ተባይ የሚያስተላልፈው ቫይረስ የሣለው ውበት!

በኪንደርዳይክ የቆሙት 19 የነፋስ ወፍጮዎች እህል ፈጭተው አያውቁም፤ የተሠሩት ውሃ ለመቅዳት ነው! ደግሞም ይናገራሉ! ባለወፍጮው ክንፎቹን የሚያቆምበት አኳኋን ደስታም ሐዘንም ያስታውቃል፤ ሩቅ ያለ ጎረቤት አይቶ ይረዳል።

አውሮፕላንዎ ያረፈበት የስኪፖል አየር ማረፊያ የሐይቅ ወለል ነበር! ውሃው ተመጦ ያለቀው በ1852 ነው። በ1573 በዚያው ሐይቅ ላይ የጦር መርከቦች ተዋግተዋል!

አሁን ወደ አልስሜር ይምጡ፤ እኔስ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። በዚህ የአበባ ጨረታ ዋጋው ወደ ላይ አይወጣም፣ ወደ ታች ይወርዳል! ሰዓት የሚመስል ሰሌዳ ከከፍተኛው ዋጋ ጀምሮ ይቆጥራል፤ ቀድሞ ቁልፍ የተጫነ ይገዛል። ለዓይን ጥቅሻ የዘገየ አጣ፣ የቸኮለ ከሰረ! ከሚሸጡት ጽጌረዳዎች መካከል ደግሞ ከዝዋይና ከሆለታ የሄዱ አሉ! አበባ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው የአገርዎን አበባ ያገኛሉ!

ለራስዎም ቱሊፕ ገዝተው በመርከቡ ክፍልዎ ውሃ ውስጥ ቢያኖሩት ነገ ረዝሞ ያገኙታል! ተቀጥፎም ያድጋል፣ ወደ ብርሃንም ይዞራል።

መርከቡ አርንሄም ሲደርስ ደግሞ ይህን ያስታውሱ፦ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የጦርነት ጊዜ የረሃብ ክረምት ሆላንዳውያን የቱሊፕ ኮረት በልተዋል! ያኔ በዚያው አካባቢ የተራበች አንዲት ልጅ ነበረች። አድጋ ስመ ጥር ተዋናይት ሆነች፤ ኦድሪ ሄፕበርን! በ1988 ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወዴት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ድርቅ ወደ መታት ኢትዮጵያ! ከሁለት ዓመት በኋላ ሆላንዳውያን አንድ አዲስ ነጭ ቱሊፕ በስሟ ጠሩላት!