የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል?

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለውን ተረት ያልሰማ የለም። ተረቱ አፍን ሲገሥጽ ስለ እግርም አንድ ነገር ሹክ ይለናል፦ የእግሩስ ግድ የለም፣ በቅቤ ታሽቶ ይድናል። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚትዎ ወለም ብሎ እያነከሱ ቤት ቢገቡ፣ እናትዎ መጀመሪያ የሚያስቡት ቅቤ ማቅለጥ መሆኑ አይገርምም። ቅቤው ራሱ ምንም አያደርግዎትም። ጥያቄው ማን፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት ያሸዋል የሚለው ነው።

የክብረ መንግሥት ነዋሪ ከሆኑ ሜዳውን ያውቁታል። በጉጂ ምድር ዋናው ዝናብ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴን አይጠብቅም፤ በሚያዝያና በግንቦት ይጥላል፣ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ይመለሳል። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሲደርቅ የታኬታውና የከብት ኮቴው ጉድጓድ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይቀራል፤ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ከዚህ የባሰ ጠላት የለውም። ማለዳ ወደ ሻኪሶ ወይም ወደ ነጌሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሮጡም ቢሆኑ፣ ለመኪና ቦታ ለመልቀቅ ወደ ጠርዙ ሲወርዱ እግር የሚታጠፍበት ቦታ አያጡም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። መርገጫዎ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጪ በኩል ያሉት ጅማቶች ከአቅማቸው በላይ ይለጠጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከውጪው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ፊት ለፊት ያለው አጭር ጅማት ነው። አንዳንዱ ተለጥጦ ብቻ ይቀራል፣ አንዳንዱ በከፊል ይቀደዳል፣ ጥቂቱ ጨርሶ ይበጠሳል። በተቀደደው ቦታ ደም ስለሚፈስ እግሩ ያብጣል፣ ይጠቁራል። እንግዲህ ገና እየደማ ያለን ጅማት በመጀመሪያው ምሽት በጉልበት ማሸት ምን እንደሚጨምርበት እርስዎ ይፍረዱ።

ወጌሻ ጋ ከመሄድዎ በፊት

ወጌሻን ማናናቅ አልፈልግም። የእግር ኳስ ቡድኖቻችን እንኳ ሕክምና የሚሰጠውን ባለሙያ «ወጌሻ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ስሙ ክብር አለው። ነገር ግን «ወልቋል» ተብሎ የሚጎተተው እግር አንዳንዴ የተሰበረ ነው። በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ የሚታሰረው ደግሞ ደም እንዳይዘዋወር ሊከለክል ይችላል። በዚህ የተነሳ እግር ወይም እጅ እስከ መቆረጥ የደረሱ ሕመምተኞች ጉዳይ በሀገራችን ሐኪሞች ጥናቶች ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ማንም ቢያስረው፣ ጣቶችዎ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ሕመሙ ሰዓት በሰዓት እየባሰ ከሄደ እስኪነጋ አይጠብቁ። ይፍቱትና በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ።

ስብራት ይሁን ወለምታ እንዴት ይለያል? በካናዳ የኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመዘኛ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል፤ ራጅ ቅርብ ላልሆነበት ቦታ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። መጀመሪያ፣ እያነከሱም ቢሆን 4 እርምጃ መራመድ ይችላሉ? ጉዳቱ እንደደረሰም ሆነ ሲመረመሩ ካልቻሉ ራጅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ፣ ሁለቱን የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች ከጫፋቸው ጀምሮ በኋላ ጠርዛቸው በኩል እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ በጣትዎ ይጫኑ። አጥንቱ ራሱ ከታመመዎት አሁንም ራጅ ነው። በእግርዎ ውጪ ጎን መሐል ላይ፣ ከትንሿ ጣት ቀጥ ብሎ የሚመጣው አጥንት ጎላ ብሎ የሚዳሰስበት ቦታ፣ እንዲሁም በውስጥ በኩል ከመርገጫው ቅስት በላይ ያለው አጥንት ሲጫኑ ካመመዎትም እንደዚያው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የመሰበር ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። የስኳር ሕመም ኖሮብዎ እግርዎ ከደነዘዘ ግን በዚህ አይተማመኑ። ልጅዎ ከሆነ የተጎዳው ደግሞ ለሐኪም ማሳየት ይሻላል፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንት የሚያድግበት ጫፍ ለስላሳ ስለሆነ፣ ወለምታ የሚመስለው እዚያ ላይ የደረሰ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ጥበብ አይጠይቁም። እግርዎን በትራስ ላይ ከልብዎ ከፍ አድርገው ይተኙ፣ በላስቲክ ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ጀምረው ወደ ላይ ሳያጠብቁ ይጠቅልሉ። በረዶ ከሌለ በሃይላንድ ውሃ ቀዝቅዞ የረጋ ጠርሙስ በጨርቅ ሸፍነው ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መያዝ ሕመሙን ያስታግሳል። ያስታግሳል እንጂ አያድንም። ዕረፍትና በረዶን ከማሰርና ከፍ ከማድረግ ጋር ያጣመረውን ዝነኛ ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን፣ ከዓመታት በኋላ በረዶና ፍጹም ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ራሳቸው ጽፈዋል። ጨጓራ ካለብዎ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ።

እብጠቱ ሲጎድል የሚጀምረው ሥራ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2ኛው ሳምንት እብጠቱ ይጎድላል፣ መምህሩ ክፍሉ ይገባል፣ የባንክ ሠራተኛዋ ወንበሯ ላይ ትመለሳለች፣ እግሩም «ድኗል» ይባላል። በቀጣዩ ቅዳሜ ያው እግር፣ በዚያው በኩል፣ ያው ወለምታ። ጅማቱ ውስጥ እግር እንዴት እንደቆመ ለአንጎል የሚነግሩ ስስ ነርቮች አሉ፤ ሲቀደድ እነርሱም ይጎዳሉ። ሕመሙ ሲጠፋ ይህ ስሜት አብሮ አይመለስም። ስለዚህ እግርዎ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጡንቻዎ የሚነቃው ዘግይቶ ነው። ዳግም የመወለም ሥጋቱ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ከፍ ያለ ሆኖ ይቆያል፤ ደጋግሞ የተወለመ ቁርጭምጭሚት ደግሞ በዕድሜ ገፋ ሲሉ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ስሜቱን የሚመልሰው ልምምድ ነው፤ የሚያስፈልገው መሣሪያም እቤትዎ አለ። ሕመሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ፣ በአውራ ጣትዎ አየር ላይ ፊደል ይጻፉ፦ ከሀ እስከ ፐ። (ልጆች ካሉዎት ፊደሉን እነርሱ ይጥሩልዎት፤ ለሁለታችሁም ትምህርት ነው።) መርገጥ ሲችሉ ጥርስዎን እየቦረሹ በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሴኮንድ ይቁሙ። ሲቀልልዎት ዓይንዎን ጨፍነው፣ ከዚያ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ቆመው ይሞክሩ፤ ግድግዳ አይራቅዎት። በበረንዳው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፣ በመጀመሪያ በሁለት እግር፣ በኋላ በአንድ። በሳምንት ብዙውን ቀን፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ወደ ሜዳ ከተመለሱ በኋላም ቢያንስ ለ2 ወር አይተዉት።

መቼ ይመለሳሉ? ቀላል ወለምታ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ መካከለኛው ከ3 እስከ 6 ሳምንት፣ ከባዱ ወራት ይወስዳል፤ እኔ ግን ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ እግሩን ብትጠይቁት እመርጣለሁ። ሳያነክሱ በፍጥነት መራመድ፣ ቀጥሎ ቀጥ ብሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ 8 ቁጥር እየሠሩ መሮጥ፣ በመጨረሻ በተጎዳው እግር ብቻ እንደ ሌላው ያህል መዝለል። አንዱን ሳያምዎ ካለፉ ወደ ሚቀጥለው ይሂዱ፤ በማግሥቱ ካበጠ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ጓደኞችዎ «ኃይሌ እኮ ታሞም ሮጧል» ይሉዎት ይሆናል። እውነት ነው፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ የተረከዝ ጅማቱን እያመመው ሮጦ 5ኛ ወጥቷል። ግን ለእርሱ ኦሎምፒክ በ4 ዓመት አንዴ የሚመጣ ሥራው ነበር፤ የእርስዎ ቅዳሜ በየሳምንቱ ይመጣል። በበርሊን ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረውም በ2007 እና በ2008 ነው፣ ዓመታት ቆይቶ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሲጫወቱ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ ያድርጉ፤ ከከተማዎ ፋርማሲ ቢያጡት ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይላኩ። በ6 ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላዩ፣ ወይም እግርዎ ደረጃ ሲወርዱ ድንገት የሚከዳዎት ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ወይም የአጥንት ሐኪም ያማክሩ። ቅቤውስ? እብጠቱ ከጎደለ በኋላ እናትዎ በለሆሳስ ቢያሹልዎት ደስ ይበልዎት፤ ሲያበቁ ተነሥተው በአንድ እግርዎ ይቁሙ።