ያውቁ ኖሯል? ብጉሩና የዘገየው ወር አበባ

ወር አበባ በየ28 ቀኑ ስላልመጣ ብቻ ተዛብቷል አይባልም። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ደህና ነው። የሚቆጠረውም ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን እንጂ ደሙ ከቆመበት ጀምሮ አይደለም።

በእኛ አቆጣጠር ለምትቆጥር ግን ጳጉሜ ጉድ ትሠራለች። በየ30 ቀኑ የምታይ ሴት ዓመቱን ሙሉ ቀኗ አይለዋወጥም። ነሐሴ 20 ካየች ግን፣ ጳጉሜ 5 ቀን ስትሆን ቀጣዩ የሚመጣው መስከረም 15 ነው። «5 ቀን ቀደመብኝ» ብላ ትደነግጣለች። ምንም አልቀደመም!

ብጉር የሚወጣበት ቦታ ፍንጭ እንደሚሰጥስ ያውቁ ኖሯል? ግንባር ላይ የፀጉሩን ዳር ይዞ የሚደረደረው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቅባት ጣጣ ነው። አገጭና መንጋጋ ላይ ጠልቆ የሚያመውና ወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚብሰው ግን ሆርሞንን ያስጠረጥራል።

«ስታገቢ ይጠፋል» ይባላል። አክስቶቻችን ይቅር ይበሉንና፣ ሠርግ ብጉር አያጠፋም። ከ25 ዓመት በኋላ የሚጀምራቸውም አሉ።

ከብጉሩ ጋር ወር አበባ በዓመት ከ8 ጊዜ በታች የሚመጣ ከሆነ፣ ሁለቱ የአንድ ችግር ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ፦ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ ባጭሩ ፒሲኦኤስ። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች 7 ሴቶችን መርምረው ስለ ችግሩ ጻፉ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶው እንዳለባቸው ይገምታል። ከእነዚህ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት አልተመረመሩም።

ነገሩ ብዙ ጊዜ ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን በደንብ አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። ትርፉ ኢንሱሊን ኦቫሪን (የእንቁላል ዕጢን) ቴስቶስትሮን ጨምሪ እያለ ይገፋል፤ ጉበትም ቴስቶስትሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርጋል። ያልታሰረው ቴስቶስትሮን ቆዳ ላይ የወዝ ዕጢዎችን ሲቀሰቅስ ብጉር ይመጣል፤ እንቁላሉ ሳይበስል ሲቀር ደግሞ ወር አበባው ይጠፋል። ቀጭን ሴቶችንም ይይዛል።

አልትራሳውንድ ላይ የሚታዩት ከረጢቶች እድገታቸው መንገድ ላይ የቆመ እንቁላሎች ያሉባቸው ናቸው፤ በቀዶ ጥገና የሚወጣ ነገር የለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ሮተርዳም ላይ በተስማሙበት መመዘኛ መሠረት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ ይበቃሉ፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛትና የኦቫሪ መልክ። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ሆኖም ችግሩ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ታይሮይድንና ፕሮላክቲንን በደም ምርመራ ማጣራት አለበት።

የ3 ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ የሚወስዱ ከሆነ ወር አበባዎን ያዛባው ወይም ያስቀረው መርፌው ራሱ ሊሆን ይችላል። ለሐኪምዎ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

እርግዝናም መርፌም ሳይኖር ከ90 ቀን በላይ ወር አበባ ካልመጣ ዝም አይባልም። የማኅፀኑ ግድግዳ ሳይራገፍ እየወፈረ ከቆየ ዓመታት ሲያልፉ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል።

ያውቁ ኖሯል? ፊት ያነጣል ተብሎ ከየሱቁ የሚገዛ ክሬም ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያሳምራል፤ ቆይቶ የራሱን ብጉር ያመጣል፣ ቆዳውንም ያሳሳል። ጥቁር ቆዳ ላይ ብጉሩ ትቶት የሚሄደው ጠቆር ያለ ምልክት በአብዛኛው በወራት ውስጥ ራሱ ይደበዝዛል። ፀሐይና መነካካት ያዘገዩታል።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ብጉርን ያክማል፣ የጨርቅ ቀለምንም ይመጥጣል። የነጠላዎን ጥለት ያርቁ!

ስፒሮኖላክቶን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ ቆዳ ሐኪሞች ግን ለአገጭ ብጉር ያዝዙታል። እርጉዝ ሴት አትወስደውም። ለውጡ የሚታየውም ከወራት በኋላ ነው።

«ፒሲኦኤስ ያለባት አትወልድም» የሚለው ሐሰት ነው። ለጡት ካንሰር የተሠራው ሌትሮዞል ዛሬ እንቁላል እንዲወጣ ለማድረግ በመጀመሪያ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ማርገዝ የማትፈልግም ብትሆን «ወር አበባዬ ስለማይመጣ አልይዝም» ብላ አትዘናጋ፤ እንቁላሉ ወር አበባው ከመታየቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይወጣል።