በቅናሽ የቀረበ ስስ ላፕቶፕ፦ የተቀነሰው ዋጋው ብቻ ነውን?

በትምህርት ዓመቱ መግቢያ ላይ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በጋዜጣ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ቢሮአችን መጣ። ዕቃው ከውጭ አገር የገባ፣ ያገለገለ፣ ውፍረቱ ከአንድ ደብተር እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን የተጠየቀበት ዋጋ የአዲሱን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ እስከ ማግስቱ ሊያስመረምረው ከሻጩ ጋር ተስማምቷል። ቤተሰቡ አዋጥቶ የላከለት ገንዘብ ለአንድ ግዢ ብቻ የሚበቃ ነበር። «መምህር፣ ርካሽ ነው ወይስ ርካሽ መስሎ ነው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙዎች በመሆኑ ምርመራችንን ለአንባቢያን ለማካፈል ወደድን።

በቅድሚያ የተመለከትነው ባትሪውን ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሳይሠራበት ቢቀመጥም ያረጃል። በተሞላና በተራገፈ ቁጥር፣ ይልቁንም ሞልቶ ሙቀት ውስጥ ሲቆይ፣ በኤሌክትሮዶቹ ላይ በሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦች ከሊቲየሙ ከፊሉ ታስሮ ስለሚቀር አቅሙ ይቀንሳል። በዚህ ረገድ የሻጭ ቃል መለኪያ ሊሆን አይችልም። ዊንዶውስ ግን በትእዛዝ መስኮቱ «ፓወርሲኤፍጂ» በሚባለው ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት ሲጠየቅ፣ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። በዚህኛው ላይ የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 29 ዋት-ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ለጽሕፈትና ለንባብ መሣሪያው በአማካይ 8 ዋት ይፈጃል ብንል፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ይሠራ የነበረው አሁን ከሦስት ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም። በፈተና ሰሞን መብራት ለጠፋበት ተማሪ ልዩነቱን ማስረዳት አያሻም።

ባትሪ ይለወጣል የሚል ይኖራል። በቀድሞዎቹ ወፍራም ላፕቶፖች ባትሪው ከሥር በቀላሉ ተነቅሎ ይወጣ ነበር፤ በስሶቹ ግን ለዚያ ሞዴል ብቻ በሚስማማ ቅርጽ ተሠርቶ ከውስጥ በብሎን ወይም በማጣበቂያ ታስሯል። ስለዚህ ገዢው ምትኩ በከተማው መገኘቱንና ዋጋውን አስቀድሞ ይጠይቅ። (አሜሪካ ያለ ዘመድ ልላክ ቢል እንኳ፣ መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድምና መንገደኛው በእጅ ሻንጣው ሊይዘው ይገባል።) የተዘጋው ላፕቶፕ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ከተገፋ ደግሞ ባትሪው በጋዝ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው በምንም ዋጋ አይገዛ።

ከባትሪው ይልቅ ያሳሰበን የማይለወጠው ክፍል ነው። ስስነት ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ሚሞሪውን ማዘርቦርዱ ላይ መበየድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የመጀመሪያው ማክቡክ ኤር ይዞት የመጣው 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ሊጨመርበት የማይችል ነበር፤ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በሌሎችም ዘንድ ተለምዷል። ተማሪው ያመጣው 4 ጊጋባይት ነበረው፤ ዕድሜውን ሙሉ 4 ጊጋባይት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5-7200ዩ ነበር። በቀጣዩ ትውልድ የወጣው አይ5-8250ዩ እንደ እርሱ ለ15 ዋት የተነደፈ ሆኖ ሳለ፣ የፊተኛው ሁለት ኮር፣ የኋለኛው አራት አለው። ላፕቶፖቹን ከውጭ አይቶ መለየት ያስቸግራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2025 ያቆመ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ለቅናሹ አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሊኑክስ ለመልመድ ለሚፈቅድ ግን በሩ አልተዘጋም።

በመጨረሻ ለሃያ ደቂቃ ከባድ ስሌት አሠራነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፈጠነ፤ ከዚያ ሰውነቱ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት ለመከላከል ፍጥነቱን ቀነሰ። ስስ ሰውነት ሙቀትን የሚያስወጣበት ቦታ ጠባብ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው የአየር መጠነ ቁስ በሩብ ገደማ ያንሳል። የከተማይቱ ቅዝቃዜ ጥቂት ይክሳል እንጂ በአቧራ ለተደፈነ ማራገቢያ መፍትሔ አይሆንም።

ከዚያ ወረቀት አውጥተን አሰላን። ለምሳሌ ያህል ስሱ 24,000 ብር፣ አዲስ ባትሪው 6,000 ብር ቢሆንና ሁለት ዓመት ቢያገለግል፣ ለአንድ ዓመት 15,000 ብር ተከፈለ ማለት ነው። ሚሞሪ የሚጨመርበት ወፍራሙ በ36,000 ብር ተገዝቶ አራት ዓመት ቢያገለግል ግን ለአንድ ዓመት 9,000 ይደርሳል።

ተማሪው በማግስቱ መታወቂያውን ተቀበለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው፣ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ላፕቶፕ ገዛ። ባገኘን ቁጥር የታክሲ ወረፋ ላይ ትከሻውን እንደ ቆረጠው ሳይነግረን አያልፍም።