«ዱን»ን ከወደዳችሁ ክፍል ሁለትን አትዝለሉት

«ዱን»ን በፊልም ያየ ሁሉ ፖልን ጀግና ብሎ ነው የወጣው። የበረሃው ሕዝብ መሲሕ ነው ብሎ የተከተለው ልጅ! መጽሐፉን (1965 እ.ኤ.አ.) ያነበበም እንደዛው። ፍራንክ ኸርበርት በ1969 «ዱን ሜሳያ»ን፣ ማለትም «የዱን መሲሕ»ን ሲያወጣ ግን ብዙ አንባቢ ከፋው።

ለምን? ታሪኩ የሚጀምረው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ፖል ንጉሠ ነገሥት ሆኗል፤ በስሙ በተካሄደው ጦርነት 61 ቢሊዮን ሰው አልቋል። ራሱም ማስቆም አልቻለም። የመጀመሪያውን በመጽሔቱ በተከታታይ ያስነበበው አርታኢ ጆን ካምቤል ይሄኛውን አልፈልግም ብሎ መለሰው፤ ጀግናው ጀግና ሆኖ አልቀጠለማ።

ከ«ዴርቶጋዳ» ወደ «ራማቶሓራ» የተሻገረ ሰው ጉጉቱን ያውቀዋል፦ የወደድነው ሰው ቀጥሎ ምን ይሠራል? ኸርበርት ደግሞ ይገለብጠዋል፦ ተከታዮቹ በሱ ስም ምን ይሠራሉ? «አንድ ሰው መጥቶ ያድነናል» የሚል ወሬ ለለመድን ለእኛ ከባድ ጥያቄ ነው።

ድብድብ አትጠብቁ፣ አብዛኛው የቤተ መንግሥት ሴራ ነው፤ መሀል ላይ ትንሽ ያሰለቻል። ግን ከመጀመሪያው በጣም ያጠረ ስለሆነ ከቃሊቲ መሀል ከተማ ስትመላለሱ ታክሲ ውስጥ በስልካችሁ ትጨርሱታላችሁ። የዴኒስ ቪልነቭ ሦስተኛው ፊልም መነሻም ይሄው መጽሐፍ ነው።