«ኢትዮጵያ»፤ ወደብ ያጣችው መርከብ

የጦር መርከብ ጠፋች ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማዕበልን ወይም የጠላትን ቦምብ ነው። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ግን ማዕበልም ሆነ ቦምብ ሳያሰጥማት ጠፍታለች።

መርከቢቱ የተሠራችው በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን ግዛት ሲሆን የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። በጥር 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀምራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊሊፒንስ ዳርቻ አገለገለች። ተግባሯም በውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ ማቀበልና እነሱን መጠገን ነበር። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል፥ ከነጭነቷ ክብደቷ 2,800 ቶን ገደማ፥ ፍጥነቷም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በምጽዋ ሲቋቋም የኖርዌይ መኮንኖች በማደራጀቱ ረድተዋል። «ኦርካ»ም በጥር 1954 ዓ.ም. በውሰት መጣችና ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የዕጩ መኮንኖች መማሪያ ሆነች። ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የደጋ ልጅ ኮከብ እያየ አቅጣጫ መለየትን፥ ሞተር መምራትንና በማዕበል ላይ መቆምን የተማረው በእርሷ ላይ ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በኤርትራ ተዋጊዎች እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ሲያዝ ለመርከቢቱ የምትመለስበት ወደብ አልቀረላትም። ባሕሩን ተሻግራ ወደ የመን ሸሸች፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በጅቡቲ የተጠለሉት ሌሎች መርከቦቻችንም የወደቡ ሒሳብ ሳይከፈል ስለ ቀረ በመስከረም 1989 ዓ.ም. ለጨረታ ቀረቡ።

ከወደቧ የተሰደደች መርከብ ሁሉ ዕጣዋ ይህ አይደለም። በነሐሴ 1931 ዓ.ም. ጀርመን ፖላንድን ልትወር ሁለት ቀን ሲቀራት፥ «ዴስትሮየር» የሚባሉ ሦስት ፈጣን የፖላንድ የጦር መርከቦች ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዙ። ከነርሱም «ግሮም»፥ ትርጓሜዋ «ነጎድጓድ»፥ በሚያዝያ 1932 ዓ.ም. በኖርዌይ፥ በናርቪክ አጠገብ፥ አውሮፕላን በጣለው ቦምብ ሰጠመች። «ብዊስካቪጻ»፥ ማለት «መብረቅ»፥ ግን ጦርነቱን ጨርሳ ወደ አገሯ ገባች። ዛሬ በግዲኒያ ወደብ ሙዚየም ሆና ቆማለች፤ የፖላንድ ተማሪዎችም ይጐበኟታል።

የፖላንዷን መርከብ ከስደት በኋላ የሚቀበላት ወደብ ነበራት። የእኛዪቱ በተሸጠችበት ዓመት ግን ኤርትራ ነጻነቷን አውጃ ኢትዮጵያ የባሕር በር አልነበራትም። ስለዚህ ስለ «ኢትዮጵያ» ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ሄዶ የሚረግጠው መርከብ የለውም፤ ቀድሞ በላይዋ ያገለገሉትን መርከበኞች ፈልጎ መጠየቅ አለበት።