ሹክሹክታ ሰሚው ሣጥን

ጊታሬ ቤት ውስጥ ወፍራም ድምፅ አለው። ሶፋ ላይ ተቀምጬ አውራ ጣቴ ስድስተኛውን ክር ሲነካ ሆዱ ያስገመግማል፤ ንዝረቱ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። ይህን ተማምኜ ነው አንድ ሠርግ ላይ ተጫወትልን ስባል እሺ ያልኩት። አዳራሹ ስደርስ የኬብሉን አንድ ጫፍ ጊታሩ ላይ ሰክቼ ሌላውን ለሳውንድ ሲስተሙ ልጅ አቀበልኩት። እሱም ሚክሰሩ ላይ ክፍት ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። በትዝታ ቅኝት ነካ ነካ ሳደርግ ከስፒከሩ የወጣው ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚንጣጣ ካፊያ ነበር። ቀጫጭኖቹ ክሮች ይንጫጫሉ፤ ወፍራሞቹ የሉም።

«ጋሼ፣ ጊታሩ ባስ የለውም እንዴ?»

«ቤት ረስቼው መጥቼ ነው» አልኩት።

ልጁ ባሱን እስከ መጨረሻው አዞረው። የተጨመረው ግን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ሾልኮ የገባ እምምም የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ጊታሩ ፊት ማይክ ተክለን፣ እኔም ሳልነቃነቅ፣ ምሽቱ እንደምንም አለፈ።

የዚያን ቀን የጎደለችኝ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ሣጥን ናት። ፕሪአምፕ ይሏታል። ስሟ «ከማጉያው በፊት የምትቀድም ማጉያ» እንደማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ድምፅ መጨመሪያ ትመስለዋለች፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስባት። መጨመር ትችላለች። ግን ከዚያ የሚቀድም ሥራ አላት፦ ፒካፑ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል፣ የሚያወራውን ሳታቋርጥ ትሰማለች።

ለምን ሰሚ እንዳስፈለገ የሚገባን ወጥ ቤት ገብተን የጋዝ ምድጃ ስንለኩስ ነው። ባትሪ የሌላትን፣ ስትጫን ቀጭ የምትለዋን መለኮሻ አስቧት። ውስጧ ያለች ትንሽ መዶሻ አንዲት ጠጣር ቁራጭ ትመታለች፤ የተመታችው ቁራጭ በሺህ የሚቆጠር ቮልት አመንጭታ ብልጭታ ትተፋለች። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1880 የደረሱበት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ ናቸው። ፒየር ኋላ ከባለቤቱ ከማሪ ጋር በራዲየም ስሙ የገነነው ሰው ነው። አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ክስተቱም መጫንን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ፒየዞኤሌክትሪክ ተባለ። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው አብዛኛው የኬብል መሰኪያ ያለው አኮስቲክ ጊታር የዚያች መለኮሻ ዘመድ ሆዱ ውስጥ አለች። ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ቀጭን ዘንግ፣ ሳድል የምንላት፣ ከሥሯ ሪባን የምትመስል ፒየዞ ተዘርግታባታለች። ክሩ ሲርገበገብ ሪባኗን ይጫናል፣ ይለቃታል፤ እሷም በዚያው ልክ ቮልት ትሰጣለች።

ችግሩ ይህች ሪባን የምትሰጠው ቮልት ባያንስም ከኋላው ጉልበት የሌለው መሆኑ ነው። ጠብ ጠብ የምትል ምንጭን ማሰብ ነው። ከሥሯ ጋን ብናስቀምጥና ጋኑ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ብቻ ቢያፈስ ውኃው ከፍ እንዳለ ይቆያል። ጋኑን በቡጢ የሚያክል ቀዳዳ ብንበሳው ግን ምንጯ ሌት ተቀን ብትንጠባጠብ አይሞላም። ድምፅ የሚገባበት ማንኛውም መሣሪያ ከፒካፑ የሚጠጣው መጠን አለው፤ የመግቢያው ኢምፔዳንስ የሚባለው ልክ ይህን ይነግረናል። ቁጥሩ በትልቁ ቢጻፍ ቀዳዳው ጠባብ ነው ማለት ነው።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ደስ ይላል። አንድ ናኖፋራድ ካፓሲታንስ ያለው ፒየዞ ፒካፕ እንውሰድ። 10 ኪሎኦም የሆነ ተራ የሚክሰር መግቢያ ውስጥ ብንሰካው ድምፁ ከ16,000 ኸርዝ ገደማ በታች እየሳሳ ይወርዳል፤ ሙዚቃው ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከዚያ በታች ነው። ወደ 1 ሜጋኦም ብንወስደው መሳሳቱ የሚጀምረው 159 ኸርዝ ላይ ይሆናል። የጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ 82 ኸርዝ ነው፤ ቀጥሎ ያለው 110። ስለዚህ አሁንም አውራ ጣታችን የሚሠራው ሥራ ግማሽ በግማሽ ይጠፋል። 10 ሜጋኦም ላይ ግን ወሰኑ 16 ኸርዝ ይደርሳል፤ ከዚያ በታች ጊታር የሚለው ነገር የለም። የሠርጉ ዕለት ባሴን የበላው ይህ ስሌት ነው። መልሶ ለማምጣት ልጁ ያዞረው ቁልፍም የቀረውን ሽርፍራፊ ድምፅ ከዚያ እምምም ከሚለው ጋር ከማንሳት የተሻለ ምርጫ አልነበረውም። ጊታርን ከሚክሰር የሚያገናኘው፣ ባትሪ የሌለው ተራ ዲአይ ቦክስም አያድንም፤ ትራንስፎርመሩ ብዙ ጊዜ ከመቶ ኪሎኦም እምብዛም አያልፍምና።

ኬብሉም ድርሻ አለው፣ ግን ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። የጊታር ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ይይዛል። ማግኔት ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ፒካፕ በረጅም ኬብል ትሬብሉን ያጣል፤ ፒየዞ ግን ቃናው ሳይደበዝዝ መጠኑ ብቻ ይቀንሳል። በአምስት ሜትር ኬብል ያ አንድ ናኖፋራድ ፒካፕ ሲሶ ድምፁን መንገድ ላይ ያስቀራል። ፋብሪካዎቹ ፕሪአምፑን ጊታሩ ውስጥ መክተት የወደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሹክሹክታውን አፉ ሥር ሆኖ መስማት።

መንገዱን በገበያ የከፈተው ሰው ታሪክ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። አሜሪካዊው ቻርልስ ካማን ሄሊኮፕተር ሠሪ ነበር፤ የሄሊኮፕተር ሠሪ ትልቁ ጠላት ደግሞ ንዝረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጀርባቸው እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሆነ ኦቬሽን የተባሉ ጊታሮችን ይዞ ብቅ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ሳድሉ ሥር ፒየዞ፣ ሆዱ ውስጥ ፕሪአምፕ ማስገባት ጀመረ። ዘፋኙ ግሌን ካምቤል በቴሌቪዥን ያንን ጊታር ይዞ ሲታይ፣ አኮስቲክ ተጫዋች ከማይክ ፊት ሳይቸነከር መድረክ ላይ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ሕዝብ አየ። ከዚያ በፊት የነበረው ዋና አማራጭ የማግኔት ፒካፕ ነው። የቢትልሶቹ ሌነንና ሃሪሰን እ.ኤ.አ. በ1962 የገዟቸው ጊብሰን ጄ-160ኢ ጊታሮች እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ መልካቸው አኮስቲክ፣ ከስፒከር የሚወጣው ድምፃቸው ወደ ኤሌክትሪክ ያደላ።

እንግዲህ ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሣጥኑ ሳይሆን ስለራሱ ጊታር ነው፦ ባትሪ አለው ወይስ የለውም? ባትሪ ካለው ሰሚው ቀድሞ ውስጥ ገብቷል። ለዚህ ሰው 10 ሜጋኦም ብሎ ገንዘብ መክፈል የጠገበን ማጉረስ ነው፤ የሚያስፈልገው ቃና ማስተካከያና ወደ ሚክሰሩ የሚሄድ ንጹሕ መውጫ ብቻ ነው። ባትሪ ከሌለው ፒካፑ ምን ዓይነት እንደሆነ ይታይ። ሳድል ሥር ያለ ሪባን 10 ሜጋኦም ይፈልጋል። እንደ ኬ ኤንድ ኬ ያሉ፣ ሳድሉን ከያዘው ብሪጅ በታች በውስጥ በኩል እንጨቱ ላይ በሙጫ የሚለጠፉ ሦስት ክብ ፒየዞዎች ግን ካፓሲታንሳቸው ከፍ ስለሚል 1 ሜጋኦም ይበቃቸዋል። በጊታሩ አፍ ላይ የሚታሰር የማግኔት ፒካፕም እንዲሁ።

ከሚታወቁት መካከል የኤል አር ባግስ ፓራ ዲአይ 10 ሜጋኦም መግቢያ አለው፤ በ9 ቮልት ባትሪ ወይም ሚክሰሩ በሚልከው 48 ቮልት ፋንተም ይሠራል። የራዲያል ፒዜድ-ዲአይ ደግሞ መግቢያውን እንደ ፒካፑ ጠባይ የሚመርጡበት ማብሪያ አለው፤ ሁለት ሦስት ዓይነት ጊታር ለሚይዝ ሰው የሚመች ነው። አሮጌ ጥሩ ጊታር ያለው ሰው ጎኑን በመጋዝ አስቆርጦ ባለ ቁልፍ ፕሪአምፕ ሲያስገባ ሳይ ያንገበግበኛል። ያ ኤሌክትሮኒክስ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይበላሻል፣ መለዋወጫውም ከገበያ ይጠፋል፤ ቀዳዳው ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ውጪ ያለች ሣጥን ብትሞት ሌላ ትተካለች።

የትኛዋም ሣጥን የማታስተካክለው ነገርም አለ። አንዱ ክር ጎልቶ ሌላው ከደከመ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሳድሉ የሚቀመጥበት ቦይ ወለል ስላልተስተካከለ፣ ሪባኗ እኩል ስላልተጫነች ነው። ይህ የአናጺ ሥራ ነው።

ፒየዞ ሌላም የሚታማበት አለ፦ የዳክዬ ድምፁ። ጠንከር ብለን ስንመታ ኳክ የምትል ፕላስቲክ መሰል ቃና ትመጣለች። ሪባኗ የክሩን ምት በቀጥታ ትቀበላለች፤ የእንጨቱን መርገብገብና የሆዱን አየር እምብዛም አትሰማም። ጊታር ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ደግሞ በዋናነት እነዚያን ነው። በዚያ ላይ ከፍተኛው ምት የፕሪአምፑ 9 ቮልት ከሚችለው በላይ ሲሆን ድምፁ ይቆረጣል፤ አንዳንድ ሠሪዎች በ18 ቮልት የሚሠሩት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከ1,000 እስከ 3,000 ኸርዝ ባለው ክልል ጥቂት መቀነስ ነው። ጊታሩ ውስጥ ትንሽ ማይክ አስገብቶ ከፒየዞው ጋር መቀላቀልም አለ። ከዚህ የረቀቁትም መጥተዋል፦ የፊሽማን አውራ በስቱዲዮ ማይክ የተቀረጸ የጊታር ምስል ከፒካፑ ጋር ያዋህዳል፤ ቶንዴክስተር የተባለው ደግሞ ቤት ውስጥ ማይክ ፊት ስንጫወት የራሳችንን ጊታር ድምፅ ይማራል። ለቀረጻና ጸጥ ላለ አዳራሽ ግሩም ናቸው። ከበሮና ኪቦርድ ባለበት መድረክ ላይ ግን ልዩነታቸውን የሚሰማው ተጫዋቹ ራሱ ብቻ ነው ብል ብዙ የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

አጠቃቀሙ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት የቃና ቁልፎቹን ሁሉ ወደ ቀኝ ማዞር ነው። ባስ ሲደመር ሚድ ሲደመር ትሬብል፣ ያው ድምፅ መጨመር ሆነ። እኔ ሁሉንም መሃል ላይ አድርጌ እጀምራለሁ። ከዚያ ምሽቱን ሙሉ የምመታውን ከባድ ምት መትቼ ጌይኑን የሣጥኑ ቀይ መብራት ከሚበራበት ዝቅ አድርጌ አቆመዋለሁ። ሰው በባዶ አዳራሽ ሲሞክር በስስት ነው የሚመታው፤ ሕዝብ ሲያጨበጭብ እጁ ይከብዳል። ቀጥሎ የሚያስጠላውን ፈልጌ እቀንሳለሁ እንጂ የሚጣፍጠውን አልጨምርም።

አንዳንዴ ይህ ሁሉ ተደርጎ ጊታሩ ብቻውን ማጉረምረም ይጀምራል። የተለመደው ትልቅ ሆድ ያለው ጊታር ውስጡ ያለው አየር 100 ኸርዝ አካባቢ የራሱ ድምፅ አለው፤ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ እንደሚጮኸው። ስፒከሩ ያንን ድምፅ ሲልክ የጊታሩ ደረት ይነቃነቃል፣ ፒካፑ ይሰማዋል፣ ስፒከሩ መልሶ ይልካል፤ አዙሪቱ ፊድባክ ይባላል። ሌነን ጊታሩን ማጉያው ላይ አስደግፎ ያገኘውን እንዲህ ያለ ጩኸት ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው «አይ ፊል ፋይን» ዘፈን መግቢያ ላይ ሆን ብለው ቀርጸውታል። ለሌሎቻችን ግን ጠላት ነው። የጊታሩን አፍ የሚዘጋ ክብ ጎማ ርካሹና አስተማማኙ መከላከያ ነው። ሣጥኗ ፌዝ የሚል መጫኛ ካላት አንዴ ተጭኖ ለውጡን መስማት ያዋጣል፤ ስፒከሩ የሚገፋበትና ደረቱ የሚሳብበት አቅጣጫ ይገለበጣልና። ኖች የተባለው ቁልፍ ደግሞ ያችን አንዲት የምትጮህ ነጥብ ለይቶ ይነቅላል።

የእኛ ክራር ተጫዋቾች ይህን ትምህርት በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ክራር ላይ የሚለጠፈው ክብ ፒካፕ የዚሁ የፒየዞ ቤተሰብ ነው፤ ቆዳ የለበሰ ገበቴ ደግሞ ከእንጨት ደረት ይልቅ በቀላሉ ይቆጣል። ባስ ክራር በቀጥታ ሚክሰር ላይ ተሰክቶ ባሱ ጠፋ ሲባል የሰማ ሰው የኔን ሠርግ ያስታውስ፤ በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ውስጡ ፕሪአምፕ ያለው ጊታር ማብሪያ ማጥፊያው ብዙ ጊዜ የኬብሉ ቀዳዳ ራሱ ነው፤ ሲሰካ ይበራል፣ ሲነቀል ይጠፋል። ለነገ እንዲቀለኝ እያለ እንደተሰካ እየተወው የሚተኛ ሰው ባትሪው ሲያልቅ አንድ ቀን የሚያገኘው የተሰነጣጠቀ፣ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ነው። የጊታሬ ቦርሳ ኪስ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አይጠፋም። ስጨርስም መጀመሪያ ወደ ልጁ ዞር ብዬ እጄን አነሣለሁ፤ ቻናሌን ሲዘጋልኝ ኬብሉን እነቅላለሁ። ሳይዘጋ ቢነቀል የምትወጣዋ ጓ የምትል ድምፅ ፊት ወንበር የተቀመጡትን አዛውንቶች ከመቀመጫቸው ታስነሣለች።