የነፍሳት የሆድ ጫፍ ቅጥያዎች፦ ስለ «ጅራት»፣ ስለ «ጭራ» እና ስለ ሙያዊ ስያሜ

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ወደ ምሥራቅ አማራ በገባ ጊዜ ደቡብ ወሎም ጉዳት ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። በዚያ ወቅት ከደሴ ተነሥተን፣ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ እንደ ደረስን ለገበሬዎች የሚነበብ አንድ የትርጉም ጽሑፍ አጋጠመን። ጽሑፉ «እንስቷ ጅራቷን መሬት ውስጥ ቀብራ እንቁላል ትጥላለች» ይላል። ከአድማጮቹ አንድ ሽማግሌ «አንበጣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጅራት ያበቀለችው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ፍሬ ነገሩን የነካ ነበር፤ አንበጣዋ የምትቀብረው ሆዷን እንጂ ጅራት አይደለምና። እንቁላል የተጣለበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ የመከላከሉ ሥራ አንድ ክፍል በመሆኑም፣ ገበሬው የሚያየው ነገር በትክክለኛ ስሙ ሊነገረው ይገባል።

የነፍሳት አካል ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሆዱ በተከታታይ አንጓዎች የተሠራ ሲሆን፣ በኋለኞቹ አንጓዎች ላይ የሚበቅሉትን ክፍሎች በጥቅሉ «የሆድ ጫፍ ቅጥያዎች» ማለት የሚያስኬድ ይመስለናል። «ቅጥያ» በሰዋስው ከቃል ጋር የሚጣበቀውን ምዕላድ እንደሚያመለክት አንባብያን ያውቃሉ። ቃሉ ወደ ሥነ ሕይወት ቢሻገር ግራ አያጋባም፤ በሁለቱም ዘርፍ ግንዱ ሌላ፣ ተቀጥላው ሌላ ነው።

አስቸጋሪው በዚህ የወል ስም ሥር ያሉትን እያንዳንዳቸውን መሰየም ነው። በአሥራ አንደኛው የሆድ አንጓ ግራና ቀኝ የሚገኘው ጥንድ ቅጥያ ዓለም አቀፍ መጠሪያው «ኬርኮስ» ከተባለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ፍቹም ጅራት ማለት ነው። ይህ አካል በበረሮ ላይ የአየርን እንቅስቃሴ የሚያውቅ ጠጉራም ዳሳሽ ነው፤ በረሮ የተሰነዘረባትን ነጠላ ጫማ ቀድማ የምታመልጠው በዚሁ ነው። በሌሎች ነፍሳት ላይ ጠንክሮ እንደ ወረንጦ ይቆነጥጣል። በአንበጣ ላይ ደግሞ ልብ ብለው ካላዩት የማይታይ አጭር ሾጣጣ ነው። ስለዚህ ከተግባሩ ተነሥተን «የኋላ ዳሳሽ» ብንለው ቆንጣጩን ያስቀራል፤ ከቅርጹ ተነሥተን «ወረንጦ» ብንለው በረሮንና አንበጣን ያስቀራል።

የላቲኑን ቅርጽ በድምፁ እንዋስ ቢባል «ሰርከስ» የሚል ይወጣል። ይህ ቃል ግን በአማርኛ የትርኢት ስም ሆኖ ከተለመደ ቆይቷል። «የበረሮ ሰርከስ» የሚል ሐረግ ያነበበ ተማሪ ምን እንደሚታየው መገመት አያዳግትም።

የቀረው የራሳችን ቃል ነው። «ጅራት» ከጀርባ አጥንት ተቀጥሎ የሚወርደውን አንድ አካል ያሳስባል። «ጭራ» በአነጋገር ከ«ጅራት» ጋር ቢወራረስም፣ ከዚያ ሰፋ ያለ አገልግሎት አለው፦ የፈረስ ጅራት ጠጉር ጭራ ነው፤ የዝንብ መከላከያውም ጭራ ነው፤ የመሰንቆው ክርም ከጭራ ይሠራል። ቃሉ ከአጥንት ይልቅ ወደ ተቀጥላነቱ ያደላል። ስለሆነም ለዚህ ቅጥያ «መንታ ጭራ» የሚለውን እናቀርባለን። «መንታ» የሚለው ገላጭ ጥንድነቱን ስለሚያስታውቅ ከጅራት ይለየዋል። የአንበጣው ሾጣጣ ጭራ አይመስልም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን የግሪኩም ስም ቅርጹን ሁልጊዜ አይገልጽም።

ስያሜውን የሚፈትን አንድ ምሳሌ እንጨምር። እጭነታቸውን በወንዝ ውሃ ውስጥ የሚያሳልፉ፣ ክንፍ ካወጡ በኋላ ግን ዕድሜያቸው እጅግ አጭር የሆነ ነፍሳት አሉ። ብዙዎቹ ከኋላቸው ሦስት ቀጫጭን ክሮች ይታዩባቸዋል። ተርጓሚ «ሦስት ጅራት» ብሎ ቢያልፍ ስሕተት ነው፤ ግራና ቀኙ መንታ ጭራ ሲሆኑ፣ የመሀሉ ከእነርሱ የተለየ አካል ነው። እርሱን «የመሀል ክር» ማለት ይበቃል።

የቀሩትን እንደሚከተለው መለየት ይቻላል፦

ሀ/ «እንቁላል መጣያ»፦ ከስምንተኛውና ከዘጠነኛው የሆድ አንጓ የሚወጣ የእንስት አካል ነው። «መጣያ» ብቻውን ሲቆም ቆሻሻን ስለሚያስታውስ «እንቁላል» ከሚለው ቃል ሊነጠል አይገባም። የንብ «መንደፊያ» መነሻው ይኸው አካል ነው።

ለ/ «ድር መፍተያ»፦ በሸረሪት ሆድ ጫፍ አካባቢ የሚገኝ እውነተኛ ቅጥያ ነው።

ሐ/ «ጅራት»፦ ለጊንጥ ይቆይ። የጊንጥ ጅራት ቅጥያ ሳይሆን የራሱ የአካሉ ቀጫጭን አንጓዎች ናቸው፤ መንደፊያው የሚገኘውም በጫፉ ላይ ነው።

በኮምቦልቻ የተነበበው ዐረፍተ ነገር እንግዲህ እንዲህ ሊቃና ይችላል፦ «እንስቷ አንበጣ በሆዷ ጫፍ ባለው እንቁላል መጣያ አፈሩን ቆፍራ፣ ሆዷን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አስገብታ እንቁላሏን ትጥላለች።» ዐረፍተ ነገሩ በጥቂት ቃላት ረዝሟል፤ ሽማግሌው ግን ያልበቀለ ጅራት አይፈልጉም። «መንታ ጭራ»ን በሥራ ላይ የሚፈትኑ ተርጓሚዎች እንከኑን ቢጠቁሙን ለማረም ዝግጁ ነን።